ሹፌሩ ነው

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 6 ቀን 2025 ቴክሳስ፣ ፎርት ዎርዝ የሚገኝ አንድ የፌዴራል ፍርድ ቤት በቦይንግ ኩባንያ ላይ የቀረበውን የወንጀል ክስ ዘጋው። ከጀርባው የ346 ሰዎች ሞት ያለበት ክስ ነው። 189ኙ ኢንዶኔዢያ ውስጥ፣ ጃቫ ባሕር ላይ የወደቁ ናቸው። 157ቱ ደግሞ ከቢሾፍቱ ወጣ ብሎ በሚገኝ ቱሉ ፈራ በሚባል የገጠር መንደር የቀሩ። እኔ ስልክ ላይ ዜናው የመጣው በአንድ የእግር ኳስ ውጤትና በአንድ የሰርግ ቪዲዮ መሀል ነበር።

ነገሩን ይበልጥ የሚያንገበግበው ክሱን የዘጉት ዳኛ ራሳቸው ቀደም ብለው የጻፉት ነው። ዳኛ ሪድ ኦኮነር በ2023 ባሳለፉት ውሳኔ ላይ የቦይንግ ወንጀል በአሜሪካ ታሪክ ብዙ ሰው የፈጀ የኩባንያ ወንጀል ሊባል እንደሚችል አስፍረው ነበር። ክሱን ሲዘጉም መዘጋቱ ሕዝብን ይጠቅማል በሚለው የመንግሥት ክርክር እንደማይስማሙ፣ ግን የዓቃቤ ሕጉን ጥያቄ ውድቅ ለማድረግ ሥልጣን እንደሌላቸው ገልጸዋል። ክሱም ቢሆን ከመጀመሪያው «ሰው ገድላችኋል» የሚል አልነበረም። «ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት አታላችኋል» የሚል ነው። በቃ፣ እሱም ተዘጋ።

ስለ ቦይንግ ብዙ ተጽፏል፣ ዶክመንተሪም ተሠርቷል። እኔ ዛሬ ማንሳት የምፈልገው አንዲት አጭር ዓረፍተ ነገር ናት። አውሮፕላኖቹ ከወደቁ በኋላ ከዋሽንግተን እስከ ፌስቡክ ኮሜንት ድረስ የዞረች ዓረፍተ ነገር፦ «አብራሪዎቹ ናቸው»። እኔ ቤት ይህችን ዓረፍተ ነገር ከአውሮፕላን በፊት ነው የምናውቃት። በሌላ ስሟ፦ «ሹፌሩ ነው»።

* * *

መጀመሪያ የሆነውን እንየው።

መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. እሑድ ነበር። የበረራ ቁጥር ኢቲ 302 ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ38 ላይ ከቦሌ ወደ ናይሮቢ ተነሣ። 149 መንገደኞችና 8 የበረራ ሠራተኞች ነበሩበት። አውሮፕላኑ ቦይንግ 737 ማክስ 8 ሲሆን አየር መንገዱ ከተረከበው ገና አራት ወሩ ነው። ዋና አብራሪው ካፒቴን ያሬድ ጌታቸው የ29 ዓመት ወጣት ነበር፤ ከ8 ሺህ ሰዓት በላይ በርሯል። ረዳት አብራሪው አሕመድኑር መሐመድ 25 ዓመቱ ነበር።

ገና እንደተነሡ ከአፍንጫው በግራ በኩል ያለው ሴንሰር መዋሸት ጀመረ። የዚህ ሴንሰር ሥራ አውሮፕላኑ ከፊት ከሚመጣው አየር አንጻር አፍንጫውን ምን ያህል ቀና እንዳደረገ መለካት ነው። የቀኙ ሴንሰር 15 ዲግሪ አካባቢ ሲል የግራው ከ74 በላይ አለ። 74 ዲግሪ ማለት አውሮፕላኑ እንደ ሮኬት ቀጥ ብሎ ቆመ እንደማለት ነው። ሰው ቢሆን «ኧረ አይሆንም!» ይላል። ኤምካስ የሚባለው ሶፍትዌር ግን አመነ፤ ምክንያቱም የሚሰማው አንዱን ሴንሰር ብቻ ነው። በቀኝ በኩል ያለው እውነቱን እየተናገረ የሚጠይቀው አልነበረም። ስለዚህ ኤምካስ ጅራት ላይ ያለውን አግድም ክንፍ እያንቀሳቀሰ አፍንጫውን ወደ መሬት ደፋው። አብራሪዎቹ ቀና አደረጉት። መልሶ ደፋው።

አብራሪዎቹ ከኢንዶኔዢያው አደጋ በኋላ በወጣው መመሪያ መሠረት የጅራቱን ክንፍ የሚያንቀሳቅሰውን ኤሌክትሪክ አጠፉ። ከዚያ በኋላ በእግራቸው አጠገብ ያለውን ጎማ በእጅ እያዞሩ ማስተካከል ነበረባቸው። በዚያ ፍጥነት ግን በክንፉ ላይ ያረፈው የአየር ግፊት ጎማውን አላንቀሳቅስ አለ። ረዳት አብራሪው ሞክሮ እንደማይሠራ ተናገረ። ኤሌክትሪኩ ተመልሶ በራ፤ ኤምካስ ለመጨረሻ ጊዜ ደፋው። ከመሬት ከተነሡ ስድስት ደቂቃ ገደማ ነው።

* * *

ለመሆኑ ሳይጠየቅ አፍንጫ የሚደፋ ሶፍትዌር ለምን አስፈለገ? መልሱን ገበያው ውስጥ ታገኙታላችሁ።

በ2010 መጨረሻ ኤርባስ ነዳጅ ቆጣቢ ሞተር ያለው ኤ320 ኒዮ የሚባል አውሮፕላን እንደሚሠራ አስታወቀ። ትእዛዝ ጎረፈለት። ቦይንግ ከባዶ ተነሥቶ አዲስ አውሮፕላን ልሥራ ቢል ብዙ ዓመት ይፈጅበታል። ስለዚህ በ2011 የድሮውን 737 በአዲስ ሞተር ለመሸጥ ወሰነ። 737 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረው በ1967 ሲሆን ሆዱ ለመሬት የቀረበ አውሮፕላን ነው። አዲሱ ሞተር ደግሞ ትልቅ በመሆኑ ክንፉ ሥር አልበቃ አለው። ወደ ፊትና ወደ ላይ ገፍተው ሰቀሉት። በዚህም የተነሣ አውሮፕላኑ አፍንጫው በጣም ቀና ባለ ጊዜ ይበልጥ ቀና የማለት ጠባይ አመጣ። ኤምካስ የተፈጠረው ይህን ጠባይ አርሞ አዲሱን አውሮፕላን ከድሮው ጋር ለማመሳሰል ነው።

ማመሳሰሉ ገንዘብ ነበረው። የድሮውን 737 የሚያበር አብራሪ ለአዲሱ ደግሞ ሲሙሌተር ላይ መቀመጥ ካለበት አየር መንገዶች ወጪም ጊዜም ይጨምርባቸዋል። ቦይንግ ሳውዝዌስት ለተባለው አየር መንገድ የሲሙሌተር ሥልጠና የሚያስፈልግ ከሆነ ከእያንዳንዱ አውሮፕላን ዋጋ ላይ 1 ሚሊዮን ዶላር ሊቀንስለት ቃል ገብቶ ነበር። እንግዲህ «ልዩነት የለውም» የምትለው ቃል በምንም መንገድ መፍረስ የለባትም። ኤምካስ ከአብራሪዎች መመሪያ መጽሐፍ ውስጥ እንዳይጠቀስ ተደረገ። ለአብራሪዎች የተሰጣቸው ታብሌት ላይ የሚያልቅ አጭር ኮርስ ነው።

እስቲ አስቡት፦ መኪና ገዝታችሁ መሪውን ከእጃችሁ ነጥቆ የሚያዞር ነገር ውስጡ ተገጥሞ፣ እንዳለ እንኳ ሳይነገራችሁ።

የአሜሪካ ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ በሴፕቴምበር 2020 ያወጣውን ሪፖርት ያነበበ ሰው ከዚህም የባሰ ያገኛል። ኤምካስ መጀመሪያ ሲታሰብ የጅራቱን ክንፍ በአንድ ጊዜ ማንቀሳቀስ የሚችለው 0.6 ዲግሪ ነበር። በኋላ 2.5 ሆነ፤ ከአራት እጥፍ በላይ ማለት ነው። በተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ በኤፍኤኤ፣ ጉዳዩን የሚያዩ ቁልፍ ሰዎች ይህን አያውቁም ነበር። ቦይንግ አብራሪ በአራት ሰከንድ ውስጥ ነቅቶ ያርመዋል ብሎ አስቦ ነበር። በ2012 ግን የራሱ የሙከራ አብራሪ ሲሙሌተር ላይ ከ10 ሰከንድ በላይ ፈጅቶበት ውጤቱ እልቂት እንደሚሆን ተናግሯል። ያ ሰው ኤምካስ የሚባል ነገር እንዳለ እያወቀ የሞከረ ባለሙያ ነው። ደግሞ ተቆጣጣሪው የት ሄደ ካላችሁ፣ አብዛኛውን የማረጋገጥ ሥራ ለቦይንግ ሠራተኞች በውክልና ሰጥቶ ነበር። ተፈታኙ ራሱ ፈታኝ ሆኖ ቁጭ አለ።

ከሁሉም የማይረሳኝ ግን አንድ መልእክት ነው። በ2017 የኢንዶኔዢያው ላየን ኤር አብራሪዎቼን ሲሙሌተር ላይ ላሠልጥን ይሆን ብሎ ሲያስብ አንድ የቦይንግ ሠራተኛ ለባልደረባው «ደደቦች» ብሎ ጻፈ። አየር መንገዱም ተነግሮት ሐሳቡን ተወ። በዓመቱ፣ ኦክቶበር 29 ቀን 2018፣ የላየን ኤር ማክስ 189 ሰዎች ይዞ ባሕር ውስጥ ገባ። ሥልጠና ይሻለናል ያሉት «ደደቦች» ናቸው።

* * *

አሁን ወደዚያች ዓረፍተ ነገር እንመለስ።

ከላየን ኤር አደጋ በኋላ ቦይንግ ለአየር መንገዶች የላከው የመጀመሪያ ማስታወቂያ ኤምካስን በስሙ አልጠራም። አብራሪዎች ምን ማድረግ እንዳለባቸው የሚያስታውስ ወረቀት ነበር። ወረቀቱ ሳይናገር የሚናገረው ነገር ነበረው፦ አብራሪዎቹ ማድረግ የሚገባቸውን ቢያደርጉ ኖሮ። ኤፍኤኤ በበኩሉ ውስጥ ለውስጥ አንድ ስሌት ሠራ። ሶፍትዌሩ ካልተስተካከለ እነዚህ አውሮፕላኖች አገልግሎት ላይ በሚቆዩባቸው ዓመታት 15 የሚያህሉ ሌሎች አደጋዎች ሊደርሱ ይችላሉ የሚል ውጤት ወጣ። አውሮፕላኖቹ ግን መብረራቸውን ቀጠሉ። ከአምስት ወር ባነሰ ጊዜ ተራው የእኛ ሆነ።

የእኛው ሲወድቅ ቻይና በማግስቱ ማክስን አገደች፤ ሌሎች አገሮችም ተከተሉ። አሜሪካ ያገደችው በሦስተኛው ቀን፣ ዓለም ካገደ በኋላ ነው። ኢትዮጵያ ጥቁር ሳጥኖቹን ወደ አሜሪካ ሳይሆን ወደ ፈረንሳይ ላከች። በሜይ 2019 በአሜሪካ ምክር ቤት ስለ አደጋው ሲመከር ሳም ግሬቭስ የተባሉ የሚዙሪ ተወካይ አሜሪካ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢሆኑ ኖሮ ሁኔታውን ይቆጣጠሩት ነበር የሚል ሐሳብ ሰነዘሩ። በሁለት ወሩ እዚያው ምክር ቤት ፊት አንድ አባት ቀረቡ። በኢቲ 302 ላይ ባለቤታቸውን፣ ሦስት ልጆቻቸውንና አማታቸውን ያጡ ሰው ናቸው። ቦይንግ «የውጭ አገር አብራሪዎች ስህተት» በሚል ወሬ ጀርባ እንደተደበቀ ተናገሩ። ያን ቪዲዮ ካላያችሁት እዩት፤ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ ነው የሚያወሩት።

ልብ በሉ፣ ዓረፍተ ነገሯ ሁለት ሥራ ትሠራለች። አንደኛ ጥያቄውን ትዘጋለች፦ ጥፋተኛው ታውቋል፣ እሱም ሞቷል፣ ሊከራከር አይችልም። ሁለተኛ ደግሞ ሌላውን ተሳፋሪ ታረጋጋለች፦ አንተ የምትበረው በእኛ አብራሪ ነውና አትፍራ። የጃካርታና የአዲስ አበባ አብራሪ ለዚህ ሥራ የተመቸ ነው። ሩቅ ነው፣ ስሙ ለአፍ ይከብዳል፣ ስለ እሱ ማንም ምንም ቢል አያጣራም። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉ የለ?

* * *

አባዬ 27 ዓመት ከባድ መኪና ነድቷል። ከጅቡቲ አዋሽ፣ ከአዋሽ አዳማ፣ ከዚያ ወደ ጎጃም። ቤታችን ውስጥ የመኪና ክፍሎች ስም እንደ ዘመድ ስም ነው የሚጠራው። ልጅ ሆኜ «ፍሬን ሸራ» ማለት አንድ የታመመች አክስት ይመስለኝ ነበር፤ ሁሌ አልቃለች፣ ሁሌ ገንዘብ ያስፈልጋታል።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ሳይገባ ማዳበሪያ ጭኖ፣ ተሳቢ አስከትሎ ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ እየወረደ ነበር። መንገዱን የሚያውቅ ያውቀዋል፦ ቁልቁል፣ ጠመዝማዛ፣ በአንድ ወገን ተራራ በሌላው ገደል። ከዚያ በፊት በነበሩት ሳምንታት ፍሬኑ እየከዳው እንደሆነ ለባለንብረቱ ሦስት ጊዜ ተናግሯል። መልሱ ሁሌ አንድ ነው፦ «ይችን ምልልስ ብቻ አድርሳት፣ ስትመለስ እናሠራታለን።» የማዳበሪያ ወቅት ነው፤ መኪና አንድ ቀን ጋራዥ ከቆመ የአንድ ቀን ገቢ ቀረ ማለት ነው። አባዬ እምቢ ቢል ደግሞ በር ላይ የሚጠብቅ ሌላ ሹፌር አለ።

ቁልቁለቱ መሀል ፍሬኑ እምቢ አለ። ማርሽ ቀንሶ በሞተር ሊይዘው ሞከረ፤ ክብደቱ አሸነፈው። ከዚያ በሕይወቱ ትክክለኛው ነው ብሎ የሚያምነውን ነገር አደረገ። መሪውን ከገደሉ መልሶ ወደ ተራራው ጠመዘዘና መኪናውን ከአለቱ ጋር አላተመው። ረዳቱ እግሩ ተሰበረ። እሱ ሁለት ጥርስ አጣ። ሰው አልሞተም።

ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ግን እንዲህ ነው፦ ከፍጥነት ወሰን በላይ ማሽከርከር። ውሸት ነው እንዳትሉ፣ መኪናው እኮ በእርግጥ እየፈጠነ ነበር! ፍሬን የሌለው መኪና ቁልቁለት ላይ ሌላ ምን ያደርጋል? መንጃ ፈቃዱ ለስድስት ወር ታገደ፣ ሥራውም ሄደ። ባለንብረቱ ከኢንሹራንስ ካሳውን ተቀበለ። «ይችን ምልልስ ብቻ» የምትለው ዓረፍተ ነገር በየትኛውም ወረቀት ላይ የለችም፤ በስልክ የተባለች ነገር ነቻ።

ከወራት በኋላ መኪናው ተጠግኖ ወጣ። አባዬ ቃሊቲ አካባቢ ቆሞ አይቶታል። አዲሱን ሹፌር ያውቀው ነበርና አወሩ። የፍሬኑ ዕቃ ከነጭራሹ ተቀይሯል፤ ሸራው አዲስ፣ የንፋስ ቱቦው አዲስ፣ ሁሉም አዲስ። ያን ቀን ማታ ቤት መጥቶ ያላት ነገር እኛ ቤት እንደ ተረት ትጠቀሳለች፦

«ጥፋቱ የኔ ከሆነ ፍሬኑን ለምን ቀየረው?»

መጋቢት 1 ቀን ቴሌቪዥኑ ፊት ስንሰበሰብ እናቴ ታለቅሳለች፣ ጎረቤት ይገባል ይወጣል። አባዬ ዝም ብሎ ቆየና «አሁን አብራሪው ነው ይላሉ። ቆይ ብቻ» አለ። የመጀመሪያው ሪፖርት እስኪወጣ 25 ቀን ያህል ፈጀ። የዚያን ጊዜዋ የትራንስፖርት ሚኒስትር ዳግማዊት ሞገስ አብራሪዎቹ አምራቹ ያዘዘውን እርምጃ ደጋግመው ቢወስዱም አውሮፕላኑን መቆጣጠር እንዳልቻሉ ሲናገሩ «ድምፁን ጨምሪው» አለኝ። እስከ መጨረሻው ሰማ። ከዚያ የ29 ዓመቱን ካፒቴን ስም ቀስ ብሎ ጠራና «ነፍስህን ይማረው፣ ስምህን አወጡልህ» አለ።

* * *

እዚህ ላይ አንድ ነገር በሐቀኝነት መነገር አለበት። የሰው ስህተት የሚባል ነገር አለ። ኢትዮጵያ በዲሴምበር 2022 የመጨረሻውን የምርመራ ሪፖርት ስታወጣ የአሜሪካና የፈረንሳይ መርማሪዎች የየራሳቸውን አስተያየት አውጥተዋል። ኤምካስ ለአደጋው ምክንያት መሆኑን ተቀብለው የአብራሪዎቹ እርምጃ በበቂ ሁኔታ አልታየም ብለዋል። የሞተሩ ኃይል ከመነሻው ሳይቀነስ እንደቆየ፣ ፍጥነቱም ከልክ እንዳለፈ እውነት ነው። ሴንሰሩን ምን አበላሸው በሚለውም አልተስማሙም፤ አሜሪካኖቹ ወፍ መትቶት ይሆናል ሲሉ የእኛዎቹ የኤሌክትሪክ ችግር ነው አሉ።

እኔ ይህን ሁሉ ሳነብ አባዬን ነው የማስበው። በዚያ ቁልቁለት ላይ ማርሹን ከመጀመሪያው አንድ ቀንሶ ቢሆን ኖሮስ? ይሆናል። ስድስት ደቂቃ ሙሉ መሪው እየነዘረ፣ የፍጥነት መለኪያዎቹ እርስ በእርስ እየተጣሉ፣ ማስጠንቀቂያ እየጮኸ፣ መሬት እየቀረበ፣ አንድ ሰው እያንዳንዷን ነገር በቅደም ተከተል ባያደርግ ሊገርመን አይገባም። የሚገርመው ሌላው ነው። ቢሮ ውስጥ ቡና እየጠጡ፣ ማንም ሳያጣድፋቸው፣ ሁለት ሴንሰር እያለ አንዱን ብቻ ይስማ ብለው የወሰኑት ሰዎች ዓመታት ነበሯቸው። የአብራሪው ስህተት በሰከንድ ተቆጥሮ ጥቁር ሳጥን ውስጥ ይቀመጣል። የቢሮው ውሳኔ ጥቁር ሳጥን የለውም።

ለነገሩ ቢሮው ውስጥም ጥፋቱ ወደ ታች ነው የፈሰሰው። በጃንዋሪ 2021 ቦይንግ ከአሜሪካ ፍትሕ መሥሪያ ቤት ጋር በ2.5 ቢሊዮን ዶላር ተስማማ። ከዚህ ውስጥ 1.77 ቢሊዮኑ ለአየር መንገዶች፣ 500 ሚሊዮኑ ለሟች ቤተሰቦች፣ 243.6 ሚሊዮኑ መቀጮ ነው። ስምምነቱ ጥፋቱ በኩባንያው ውስጥ የተስፋፋ እንዳልነበረና ከፍተኛ አመራሩ እንዳላመቻቸው ይገልጻል። ታዲያ የማን ነው? የሁለት ቴክኒካል አብራሪዎች። እዚያም «ሹፌሩ ነው» ተባለ። ከሁለቱ ማርክ ፎርክነር ብቻ ተከሰሰ፤ በማርች 2022 ጁሪው ሁለት ሰዓት እንኳ ሳይሞላው ነፃ ብሎ ለቀቀው። ከእሱ በቀር በዚህ ጉዳይ ወንጀለኛ ሳጥን ውስጥ የቆመ የቦይንግ ሰው የለም። ዋና ሥራ አስፈጻሚው ዴኒስ ሙለንበርግ በ2019 መጨረሻ ከሥራ ሲሰናበቱ በአክሲዮንና በጡረታ መልክ 62 ሚሊዮን ዶላር ያህል ይዘው ወጡ።

ከዚያ በጃንዋሪ 2024 የአላስካ አየር መንገድ ማክስ 9 አየር ላይ እንዳለ የጎኑ መዝጊያ ተገንጥሎ ወደቀ። ፍትሕ መሥሪያ ቤቱ ቦይንግ የ2021ን ስምምነት አፍርሷል አለ። ኩባንያው ጥፋተኛ ነኝ ሊል ተስማማ፣ ዳኛው ያን ስምምነት ውድቅ አደረጉት፣ በ2025 ደግሞ በ1.1 ቢሊዮን ዶላር ክስ ያለመመሥረት ስምምነት መጣ። መጨረሻው ከላይ የነገርኳችሁ ነው።

* * *

«ይህ የአሜሪካ ነገር ነው፣ እኛን ምን አገባን» የሚል ካለ ማታ ማታ የሚነገረውን የትራፊክ አደጋ ዜና ይስማ። የሟቾች ቁጥር ይነገራል፣ የመኪናው ዓይነት ይነገራል፣ ከዚያ «የአደጋው መንስኤ ከፍጥነት በላይ ማሽከርከር ነው» ተብሎ ያልቃል። የመኪናው ባለቤት ማን ነው? ሹፌሩ ስንት ሰዓት እንቅልፍ ሳይተኛ ነበር? ለቦሎ ሲመረመር ፍሬኑን ያየው ሰው ማን ነው? እነዚህ ዜና ውስጥ የሉም።

ወይም ማርች 2024ን አስታውሱ። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም አንድ ሌሊት ተዛብቶ ሰው ከሌለው ገንዘብ ላይ ማውጣት ቻለ። ባንኩ ራሱ የሳይበር ጥቃት አይደለም፣ የሲስተም ችግር ነው ብሏል። የሰው ገንዘብ መውሰድ ልክ ነው አልልም፤ አይደለም። ግን ከዚያ ሌሊት ምን እናስታውሳለን? ኤቲኤም ላይ የተሰለፉ ተማሪዎችን፣ ከዚያም አልመለሱም የተባሉ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ስምና ፎቶ። ያ ሲስተም በዚያ ሌሊት እንደዚያ እንዲሆን ያደረገውን ውሳኔ ማን እንደወሰነው ከእናንተ ውስጥ የሚያስታውስ አለ?

እኔ ከአባዬና ከዚህ ጉዳይ አንድ ልማድ ይዣለሁ። ዜና ላይ «የሰው ስህተት» የሚል ቃል ስሰማ የትኛው ሰው ብዬ እጠይቃለሁ። ከዚያ ደግሞ ከአደጋው በኋላ ምን እንደተቀየረ እጠብቃለሁ። ጥፋተኛ የተባለው ሰው ብቻ ከሆነ የሚቀየረው ሰው ነው። ሌላ ነገር ከተቀየረ ግን ያ የተቀየረው ነገር ራሱ ምስክር ነው።

ማክስ ለ20 ወር መሬት ላይ ቆይቶ በኖቬምበር 2020 እንዲበር ተፈቀደለት። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በፌብሩዋሪ 2022 መልሶ ማብረር ጀመረ፤ በ2023 ዱባይ ላይ ሌሎች 20 ማክሶች ለመግዛት መስማማቱን አስታወቀ። ዛሬ ከቦሌ የምትሳፈሩበት ሊሆን ይችላል። የተደረገለት ማስተካከያ ይኸውላችሁ፦ ኤምካስ አሁን ሁለቱንም ሴንሰሮች ይሰማል፤ ካልተስማሙ ሥራውን ያቆማል። ሲሠራም አንድ ጊዜ ብቻ ይሠራል፤ ደጋግሞ አይደፋም። አብራሪው በመሪው ሊያሸንፈው ከሚችለው በላይ መግፋት አይችልም። አብራሪዎች መመሪያው ላይ ያነቡታል፣ ሲሙሌተር ላይም ይሠለጥኑበታል። የአዲስ አበባ አብራሪ ብቻ አይደለም የሚሠለጥነው፤ የዳላስም፣ የቺካጎም፣ አሜሪካ የሠለጠነውም ጭምር።

ሁለተኛው ሴንሰር ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውሮፕላኑ ላይ ነበር። ሲሙሌተሩም፣ መመሪያ የሚጻፍበት ወረቀትም ነበር። ያሬድና አሕመድኑር ከቦሌ በተነሡበት ጠዋት ከእነዚህ ውስጥ ገና ያልተፈለሰፈ አንድም ነገር አልነበረም።